ኤዲተርን ማን ይመርጣል? የውጭ መሣሪያዎች በፕሮግራም ሥራ ውስጥ ስለ ተጠሩበት ታሪክ

ፕሮግራም መጻፍ የጀመረ ተማሪ ሁሉ ሳይውል ሳያድር የሚያጋጥመው አንድ ትንሽ ጉዳይ አለ። ይኸውም አንድ ፕሮግራም ሥራውን በመካከል ገትቶ ለባለቤቱ ሌላ ፕሮግራም ይጠራለታል፤ «መልእክትህን በዚህ ጻፍና ተመለስ» እንደ ማለት ነው። የተጠራው ፕሮግራም የትኛው ነው? ማን መረጠው? ጠሪውስ ሰውየው ጽፎ መጨረሱን በምን ያውቃል? እነዚህ ጥያቄዎች ላይ ላዩን ሲታዩ የመሣሪያ ዝርዝር ብቻ ይመስላሉ። ዳሩ ግን መልሳቸው ከ50 ዓመት የሚበልጥ ታሪክ አለው፤ ታሪኩንም የማያውቅ ሰው ዛሬ በገዛ ኮምፒዩተሩ ላይ እንግዳ ሆኖ ይቀመጣል። በዚህ ጽሑፍ ያንን ታሪክ ለመከታተል እሞክራለሁ። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውል እለምናለሁ።

ነገሩን እንድመረምር ያነሣሣኝ በኮምፒዩተር ክፍል ውስጥ ያየሁት ነው። አንድ ጓደኛችን ጊት በሚባለው የሥራ መዝገብ ያዥ ፕሮግራም የመጀመሪያውን ትእዛዝ ሰጠ። ወዲያው ስክሪኑ ተለወጠ፤ በግራው ጠርዝ ማዕበል የመሰሉ ትናንሽ ጭረቶች ከላይ እስከ ታች ተደረደሩ። ሊጽፍ ቢሞክር ቁልፎቹ አልታዘዝ አሉት፤ ሊወጣ ቢሞክር መውጫው ጠፋው፤ በመጨረሻም ተናድዶ ኮምፒዩተሩን ከነኤሌክትሪኩ አጠፋው። በሌላ መስኮት ያላስቀመጠው ጽሑፍ ስለ ነበረው የከሰዓት በኋላ ድካሙ አብሮ ጠፋ። ያጋጠመው ቪ-አይ የሚባለው ኤዲተር ነበር። ጓደኛችን ግን ቪ-አይን አልመረጠም፤ ስሙንም ከዚያ በፊት ሰምቶ አያውቅም። ከዚያ ወዲህ በመካከላችን ክርክር ተነሣ። አንዳንዶቹ «ሁሉን ነገር በአንድ መስኮት የያዘ የሥራ ቦታ በተገኘበት ዘመን እንዲህ ያለው አሮጌ ልማድ መቅረት ነበረበት» አሉ። እኔ ግን ልማዱ የቀረው ከስንፍና ሳይሆን ከጥሩ ምክንያት ነው ከሚሉት ወገን ነኝ፤ ምክንያቱንም ለማሳየት ወደ መነሻው መመለስ ያስፈልጋል።

በ1969 በአሜሪካ አገር፣ በኒው ጀርሲ፣ መሪ ሂል በተባለው ስፍራ ባለው የቤል ላቦራቶሪ ኬን ቶምሰን ዩኒክስ የተባለውን ሥርዓት ሲጀምሩ ከመጀመሪያዎቹ ሥራዎቻቸው አንዱ ኤዲተር ነበር። ስሙ በሁለት ፊደል ኢ-ዲ ተባለ። ኢ-ዲ ከባዶ የተነሣ አይደለም፤ በትለር ላምፕሰንና ፒተር ዶይች በበርክሌይ ከሠሩት ኪው-ኢ-ዲ ከተባለው ቀደምት ኤዲተር ብዙ ወርሷል። የዚያ ዘመን ተርሚናል ስክሪን አልነበረውም። ቴሌታይፕ ሞዴል 33 የተባለው መሣሪያ እንደ ጽሕፈት መኪና በወረቀት ላይ በሴኮንድ 10 ፊደል ብቻ ያትም ነበር። ይህን በሒሳብ እንየው፤ 60 መስመር፣ በየመስመሩም 70 ፊደል ያለው አንድ ገጽ 4,200 ፊደል ይሆናል፤ እርሱን አትሞ ለማየት 7 ደቂቃ ሙሉ መጠበቅ ነው። ስለዚህ ኢ-ዲ ካልተጠየቀ ምንም አያሳይም፤ ሰው ሲሳሳትም የሚመልሰው አንድ የጥያቄ ምልክት ብቻ ነው። ዛሬ በዚህ ጠባዩ የሚስቁበት ሰዎች የወረቀቱንና የጊዜውን ዋጋ ቢያስታውሱ ኖሮ ባልሳቁ ነበር።

በኢ-ዲ ውስጥ ግን አንድ በር ተከፍቶ ነበር። ተጠቃሚው ቃለ አጋኖ ጽፎ ከኋላው የፈለገውን የዩኒክስ ትእዛዝ ቢያስከትል ኢ-ዲ ትእዛዙን አስፈጽሞ ወደ ጽሑፉ ይመልሰዋል። የውጭ መሣሪያን ከኤዲተር ውስጥ መጥራት እንግዲህ እዚያው መነሻው ላይ ነበር ማለት ነው። ከዚህ ጋር የሚዛመደው ሁለተኛው ሐሳብ የዳግ ማክኢልሮይ ነው። እርሳቸው በ1964 በጻፉት አጭር ማስታወሻ ፕሮግራሞች እንደ አትክልት ማጠጫ ጎማ እርስ በርስ የሚቀጣጠሉበት ዘዴ እንዲገኝ ጠይቀው ነበር። ሐሳቡ ዘጠኝ ዓመት ያህል ሲጠብቅ ቆይቶ በ1973 ቶምሰን በዩኒክስ ውስጥ ሠሩት፤ ፓይፕ ማለት ቧንቧ ተባለ። በዚያው ዓመት ኢ-ዲ ውስጥ የነበረው የፍለጋ ችሎታ ለብቻው ወጥቶ ግሬፕ የተባለ ራሱን የቻለ መሣሪያ ሆነ፤ ስሙም ራሱ ከኢ-ዲ የፍለጋ ትእዛዝ የተወሰደ ነው። እንግዲህ መንገዱ በሁለቱም በኩል ይሄዳል፤ ኤዲተር የውጭ መሣሪያ ይጠራል፤ የኤዲተር ክፋይም የውጭ መሣሪያ ይሆናል።

እስከዚህ ድረስ የተጠራው ሁሉ በስሙ ነው የተጠራው። ሰው የወደደውን መርጦ ለጠሪው የሚያስታውቅበት መንገድ በሚገባ የተደራጀው በጥር 1979 በወጣው በሰባተኛው የዩኒክስ እትም ነው። በዚህ እትም ስቲቨን ቦርን የጻፉት አዲስ ሼል፣ ማለት ትእዛዝ ተቀባይ ፕሮግራም፣ ወጣ። ከእርሱም ጋር እያንዳንዱ ፕሮግራም ሲነሣ ከጠሪው የሚቀበለው የስምና የዋጋ ዝርዝር ተደነገገ፤ በእንግሊዝኛ «ኢንቫይሮንመንት» ይሉታል። እኔ «ስንቅ» ብዬ ብጠራው የሚሻል ይመስለኛል። ልጅ ከወላጆቹ ቤት ሲወጣ ስንቅ ይዞ ይወጣል፤ የያዘውን ቢበላ፣ ቢጥል፣ ቢለውጥ ጎተራው አይነካም። እንደዚሁም የተጠራው ፕሮግራም የሚይዘው ቅጂ ነው፤ በቅጂው ላይ የሚያደርገው ለውጥ ወደ ጠሪው አይመለስም። ብዙ ጀማሪዎች በአንድ ትንሽ የትእዛዝ ጽሑፍ ውስጥ ምርጫቸውን ለውጠው ወደ ሼሉ ሲመለሱ እንዳልተለወጠ አይተው የሚደነግጡት ስለዚህ ነው። ምርጫው ሼሉ ሲነሣ በሚያነበው ፋይል ውስጥ ካልተጻፈ በየጊዜው ይጠፋል።

በዚህ ስንቅ ውስጥ ሁለት ስሞች ለእኛ ጉዳይ ዋናዎቹ ናቸው፤ አንዱ «ኤዲተር»፣ ሁለተኛው «ቪዡዋል» ይባላል። ለምን ሁለት ሆኑ? ዛሬ ብዙ ሰው አንዱን ብቻ ያውቃል፤ ሁለቱንም የሚያውቅ ደግሞ አንድ ዓይነት ዋጋ ሰጥቶ ያልፋል። ልዩነቱ ግን የመሣሪያ ታሪክ ነው። በ1976 ገደማ በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበሩት ቢል ጆይ የኢ-ዲን ዘር ወስደው በስክሪን ላይ የሚሠራ ኤዲተር መጻፍ ጀመሩ፤ እርሱም ቪ-አይ ሆነ። ቤታቸው የነበረው የስልክ መገናኛ 300 ባውድ፣ ማለት በሴኮንድ 30 ፊደል ያህል የሚያስተላልፍ ነበር። 24 መስመር በ80 ፊደል የሆነ ስክሪን 1,920 ፊደል ስለሚይዝ፣ አንድ ጊዜ መላውን ስክሪን ለመሙላት ከ1 ደቂቃ በላይ ይፈጃል። የቪ-አይ ትእዛዞች በአንድና በሁለት ፊደል የተቆረጡት ከዚህ ችግር የተነሣ ነው። ጠቋሚውን የሚያንቀሳቅሱት ኤች፣ ጄ፣ ኬና ኤል የተባሉት ቁልፎችም የተመረጡት ቢል ጆይ የሚጠቀሙበት ኤ-ዲ-ኤም 3-ኤ የተባለ ተርሚናል ቀስቶቹን በእነዚያ ቁልፎች ላይ ስላተመ ነው።

ስለዚህ በዚያን ጊዜ አንድ ሰው ጠዋት በወረቀት ተርሚናል፣ ማታ በስክሪን ሊሠራ ይችል ነበር። በወረቀቱ ላይ ቪ-አይን መጥራት ከንቱ ነው፤ በስክሪኑ ላይ ደግሞ ኢ-ዲን መጥራት ድካም ነው። ከርት ሾንስ የጻፉት የበርክሌይ የደብዳቤ ፕሮግራም ይህን በግልጽ አስቀመጠው፤ ደብዳቤ በመጻፍ ላይ ያለ ሰው አንዱን ምልክት ሲሰጥ በ«ኤዲተር» ስም የተመዘገበው የመስመር ኤዲተር፣ ሌላውን ምልክት ሲሰጥ በ«ቪዡዋል» ስም የተመዘገበው የስክሪን ኤዲተር ይነሣለታል። ምንም ካልተመዘገበ የኋለኛው ቪ-አይ ነው። የወረቀት ተርሚናሎች ከጠፉ ብዙ ጊዜ ቢሆንም ሁለቱ ስሞች እንደ ነበሩ ቀሩ።

አሁን የጓደኛችን ነገር ይገለጣል። ሊኑስ ቶርቫልድስ በ2005 የጀመሩት ጊት ኤዲተር ሲፈልግ በቅደም ተከተል ይጠይቃል። በመጀመሪያ ለጊት ብቻ ተብሎ በስንቁ ውስጥ የተቀመጠ ስም እንዳለ ያያል፤ ቀጥሎ በራሱ የማዘጋጃ ፋይል ውስጥ የተጻፈውን ያያል፤ ከዚያ «ቪዡዋል»ን፣ ከዚያ «ኤዲተር»ን ይጠይቃል፤ ሁሉም ባዶ ሲሆኑበት አብዛኛውን ጊዜ ቪ-አይን ያነሣል። ጓደኛችን አራት ጊዜ ተጠይቆ አራት ጊዜ ዝም እንዳለ ሰው ተቆጠረ። ጥያቄው ግን በማይሰማው ቋንቋ ስለ ቀረበለት በእርሱ መፍረድ አይገባም። ጥፋቱ፣ ይህ ውል መኖሩን ሳንነግረው ትእዛዙን ብቻ ያስተማርነው የሁላችን ነው።

ስለ ምርጫው ይህን ያህል ካልን ስለ መጠበቅ ደግሞ እንናገር፤ በእኔ አስተያየት ከሁሉ የሚበልጠው ነገር ይኸ ነው። ጠሪው ፕሮግራም ኤዲተሩን ካስነሣ በኋላ ምንም ሳያደርግ ይጠብቃል። የተጠራው ሲወጣ አንድ ቁጥር ትቶ ይወጣል፤ ዜሮ ከሆነ «በደኅና ጨርሻለሁ»፣ ሌላ ከሆነ «አልተሳካም» ማለት ነው። ጠሪው ከዚያ በኋላ ፋይሉን ከፍቶ የተጻፈውን ያነባል። ውሉ ይኸው ነው፤ ስለ ፊደል መልክ፣ ስለ ቀለም፣ ስለ መስኮት ስፋት አንዳች አይጠይቅም። እንዲህ ትንሽ በመጠየቁ ኢ-ዲም ቪ-አይም፣ ከእነርሱ ብዙ ዓመት በኋላ የተሠሩትም ኤዲተሮች ያለ ችግር ሊፈጽሙት ቻሉ።

መስኮት ያላቸው ኤዲተሮች በመጡ ጊዜ ግን ውሉ ሳይታወቅ ተጣሰ። እነዚህ ኤዲተሮች ሲጠሩ ብዙውን ጊዜ የሚነሣው መልእክተኛ ብቻ ነው። መልእክተኛው ቀድሞ ለተከፈተው መስኮት «ይህን ፋይል ክፈት» ብሎ ነግሮ ወዲያው ዜሮ ትቶ ይወጣል። ጊት ይህን ሲያይ ሰውየው የጨረሰ ይመስለዋል፤ ፋይሉን ያነባል፤ ባዶ ያገኘዋል፤ መልእክት ስለሌለ መዝገቡን ሰርዣለሁ ብሎ ይናገራል። ሰውየው ግን ገና የመጀመሪያውን ቃል እየጻፈ ነው። መድኃኒቱ አጭር ነው፤ ቪ-ኤስ ኮድ በተባለው ኤዲተር ከስሙ ቀጥሎ «ጠብቅ» የሚል ማሟያ ይጨመራል፤ ሰብላይም በተባለውም እንደዚሁ አለ። የኢማክስ ሰዎች ደግሞ ችግሩን ቀደም ብለው ስላወቁት ኢማክስ ክላየንት የሚባል ትንሽ ፕሮግራም ሠርተዋል፤ ሥራው ዋናው ኢማክስ እስኪጨርስ ድረስ በጠሪው ፊት ቆሞ ወረፋ መጠበቅ ነው። በዚህ ላይ ሌላ ስውር ችግር አለ። ጊት የተሰጠውን ስም በሼል በኩል ስለሚያሳልፍ ስሙንና ማሟያውን ለይቶ ያውቃል። አንዳንድ ፕሮግራሞች ግን ሁለቱን ቃላት እንደ አንድ የፋይል ስም ቆጥረው «እንዲህ ያለ ፕሮግራም የለም» ይላሉ። በመንገዱ ውስጥ ባዶ ቦታ ያለው የፎልደር ስም የሚያመጣው ጣጣም የዚሁ ወንድም ነው።

እስካሁን ያየነው መሣሪያው ኤዲተሩን ሲጠራ ነው። በተቃራኒው ኤዲተሩ መሣሪያውን ሲጠራ የሚነሣው ጥያቄ መልሱን እንዴት ያነባል የሚል ነው። በ1976 ስቱዋርት ፌልድማን በቤል ላቦራቶሪ ሜክ የተባለውን የግንባታ መሣሪያ ጻፉ። ሜክ ኮምፓይለሩን ይጠራል፤ ኮምፓይለሩ ስሕተቶችን ይዘረዝራል፤ ሰውየው ዝርዝሩን ይዞ መስመር በመስመር ይፈልጋል። ሪቻርድ ስቶልማን በ1985 ያወጡት ግኑ ኢማክስ ይህን ፍለጋ ከሰው ላይ አነሣ፤ ሜክን ከውስጡ ጠርቶ ዝርዝሩን ያነብና ተጠቃሚውን ወደ ስሕተቱ መስመር ይወስደዋል። ብራም ሙለናር በ1991 ያወጡት ቪም ተመሳሳዩን ችሎታ ከጊዜ በኋላ ሲጨምር፣ ሐሳቡን አሚጋ በተባለው ኮምፒዩተር ላይ ይሠራ ከነበረው ከማንክስ ኩባንያ የአዝቴክ ሲ ኮምፓይለር እንዳገኘው በመመሪያው ውስጥ ተጽፏል። ይህ ሁሉ የሚቆመው በአንድ ቀላል ልማድ ላይ ነው፤ የፋይሉ ስም፣ ሁለት ነጥብ፣ የመስመሩ ቁጥር፣ ሁለት ነጥብ፣ ከዚያ መልእክቱ። (ሙለናር በ2023 ዐረፉ። ቪምን ለሚጠቀሙ ሰዎች በኡጋንዳ፣ በኪባሌ ላሉ ችግረኛ ልጆች ርዳታ እንዲሰጡ ይለምኑ እንደ ነበር ማስታወስ ከርእሴ ውጭ ቢሆንም አላልፈውም።)

አሁን ወደ ተቃራኒው ወገን እንምጣ። በ1983 ቦርላንድ የተባለው ኩባንያ አንደርስ ሄይልስበርግ የጻፉትን ቱርቦ ፓስካልን በ49 ዶላር ከ95 ሳንቲም ለገበያ አቀረበ። ኤዲተሩና ኮምፓይለሩ በአንድ ትንሽ ፕሮግራም ውስጥ ነበሩ፤ ስሕተት ሲገኝ ጠቋሚው ራሱ በቦታው ላይ ይቆማል። ለተማሪና ለደኻ ፕሮግራም ጸሐፊ ይህ ታላቅ ስጦታ እንደ ነበር አልክድም። ነገር ግን የራሱ ኩባንያ ሥራ ምን ያሳያል? በ1990ዎቹ መጀመሪያ የቦርላንድ ሲ ፕላስ ፕላስ የሥራ ቦታ ለውጭ ፕሮግራሞች የሚሆን ምናሌ ነበረው፤ ግሬፕ የሚያወጣውን ዝርዝር ወደ መልእክት መስኮት የሚለውጥ አስተርጓሚም አብሮት ነበር። የማይክሮሶፍት ቪዡዋል ስቱዲዮም «የውጭ መሣሪያዎች» የሚል ምናሌ አለው፤ እዚያም ርእሱ፣ ትእዛዙ፣ ማሟያውና ሥራው የሚጀመርበት ፎልደር ይሞላሉ፤ የተከፈተውን ፋይል መንገድ የሚተኩ ምልክቶችም ተዘጋጅተዋል። ሁሉን በአንድ ቤት እሰበስባለሁ ያለው ሁሉ መጨረሻው ላይ በር መክፈቱ አልቀረም። በ2016 ማይክሮሶፍት፣ ሬድ ሃትና ኮደንቪ ያስታወቁት የቋንቋ አገልጋይ ውልም በዚሁ መንገድ የመጣ ነው፤ ስለ ፕሮግራሙ ቋንቋ የሚያውቀው ክፍል ከኤዲተሩ ወጥቶ ለብቻው እንዲቆምና ከማንኛውም ኤዲተር ጋር እንዲነጋገር ተደርጓል።

የቀረው የፊደላችን ጉዳይ ነው። በ1997 የወጣው ኢማክስ 20 በጃፓን አገር በሃንዳ ኬንኢቺና በባልደረቦቻቸው የተሠራውን የብዙ ቋንቋ ችሎታ ይዞ መጣ፤ በውስጡም ታካሃሺ ናኦቶ ያዘጋጁት የግእዝ ፊደል መጻፊያ ነበረበት። አጻጻፉ ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ በደነገጉት ሴራ በተባለው፣ ፊደላችንን በላቲን በሚወክል ሥርዓት ላይ የተመሠረተ ነው። ዩኒኮድ የግእዝን ፊደል ያስገባው ግን በ1999 ነው። ከዚያ በፊት በኢማክስ ውስጥ በፊደላችን የተጻፈው ነገር ወደ ውጭ ሲወጣ ሌላው መሣሪያ ስለማያውቀው፣ ለደብዳቤ ሲሆን ወደ ሴራ፣ ለማተሚያ ሲሆን ወደ ቴክ ትእዛዝ የሚመልሱ መለወጫዎች አብረው ተሠርተው ነበር። በሌላ አነጋገር አማርኛ በኤዲተሩ ቤት ውስጥ ዜጋ፣ ከደጅ ሲወጣ ግን አስተርጓሚ የሚያሻው እንግዳ ነበር።

ይህን ያስቀረው ዩ-ቲ-ኤፍ 8 የተባለው አጻጻፍ ነው፤ በ1992 ከሮብ ፓይክ ጋር የፈጠሩትም እኒያው የኢ-ዲ ጸሐፊ ኬን ቶምሰን ናቸው። በዚህ አጻጻፍ እያንዳንዱ የግእዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። እዚህም ላይ ስንቁ ይመጣል። መሣሪያው የሚያነበው የቋንቋ ስም በስንቁ ውስጥ ካልተቀመጠ ባይት ይቆጥራል እንጂ ፊደል አይቆጥርም፤ «ሰላም» ለእርሱ 3 ሳይሆን 9 ነው። ግሬፕንም ባለ ሦስት ፊደል ቃል ፈልግ ቢሉት አንድ «ሀ» አግኝቶ ጨረስኩ ይላል። የሚገርመው ግን መደርደር በባይት ሲሆን የሚያምር ውጤት መስጠቱ ነው፤ ዩኒኮድ ፊደሎቹን በሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ተራ ስላስቀመጣቸው፣ ጥቂት ዝርያ ፊደሎች ሲቀሩ፣ ዝርዝሩ እንደ ድሮው ገበታ ይወጣል። «ሰ»ን እና «ሠ»ን እያቀያየርን የምንጽፍ ሰዎች ግን አንዱን ስም በሁለት ቦታ ስናገኘው በኮምፒዩተሩ ልናማርር አይገባም።

የጓደኛችን ቁልፎች አልታዘዝ ያሉበት ሁለተኛው ምክንያትም በዚሁ ይገኛል። የዚያን ዕለት የጽሕፈት ሰሌዳው ወደ አማርኛ ተዞሮ ነበር፤ ቪ-አይ በትእዛዝ ጊዜ የሚያውቀው የላቲን ፊደል ስለ ሆነ የመውጫውን ፊደል ቢያውቀው እንኳ ሊሰማው አይችልም ነበር። ቪም ከ2001 ጀምሮ ለዚህ የሚሆን ኪማፕ የተባለ ማዘጋጃ አለው፤ ሰሌዳው በላቲን ይቆይና በመጻፊያው ጊዜ ብቻ ወደ ሌላ ፊደል ይለወጣል። ጓደኛችን ይህን ሁሉ ከሰማ በኋላ ሼሉ ሲነሣ በሚያነበው ፋይል ውስጥ «ቪዡዋል» በሚለው ስም ሥር የመስኮት ኤዲተሩን ከነ«ጠብቅ» ማሟያው ጻፈ፤ «ኤዲተር» በሚለው ሥር ምን ይጻፍ እንደ ሆነ ጥቂት አሰበና ቪምን ጻፈበት።